ሰባት በሰባት

«ለኤሊ አንቺ ንገሪው።»

ድራም የምትመታው ልጅ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። የላከችላት የሙዚቃ ባንዳቸው ዘፋኝ ናት። ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ባንድ የሚመርጥ አንድ ሰውዬ ልምምዳቸውን አይቶ ወዷቸዋል፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ልጅ ግን አልፈለገውም። «እሱ ይዘገያል፤ ሦስታችሁ ብቻ ኑ» ብሏል።

ልጁ «ኤሊ» የተባለው በዋዛ አይደለም፤ እግሩም ጣቱም እኩል ይዘገያሉ። ግን እሷ ድራም መምታት ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር፣ «ነጎድጓድ» ብሎ ስም አውጥቶላት ቁጭ ብሎ ያዳመጣት እሱ ብቻ ነበር። አሁን ለልምምድ ሲመጣ ልትነግረው ነው።

የሚለማመዱት በአባቷ ሶፋ መሥሪያ ውስጥ ነው፤ ስፖንጁ ድምፅ ስለሚውጥ ጎረቤት አይቆጣም። ቅዳሜ ከሰዓት ቀድመው የሚጫወቱት ግን ትልልቆቹ ናቸው፤ አባቷ በጊታር፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ በድራም፣ ጥርስ ሐኪሙ በድምፅ። ባንዳቸው «ሰባት በሰባት» ይባላል።

ስሙ የመጣው ከስህተት ነው። በወጣትነታቸው የመጀመሪያ ዘፈናቸውን ቀድተው ለሬዲዮ ሲልኩ፣ የአባቷ ታናሽ እህት የማባዣ ሰንጠረዥ ስታጠና የተቀዳችበትን ካሴት ነበር የተጠቀሙት። ዘፈኑ በአንዱ ገጽ፣ ማባዣው በሌላው። የትኛው የቱ እንደሆነ መጻፍ አባቷ ረሳ። አቅራቢው «ምድር የሚያንቀጠቅጥ አዲስ የሮክ ባንድ!» ብሎ ሲያበቃ፣ አንዲት ሕፃን «ሰባት በሰባት፣ አርባ ዘጠኝ!» አለች። ሁለተኛ ዕድል አልመጣም።

«አባዬ፣ ያን ቀን ዘፈናችሁ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮስ?» አለች።

«ስታዲየም እንሞላ ነበራ!» ጥርስ ሐኪሙ ቀደመው። «ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኝ ነበር።»

«አሁንስ አፉን ከፍቶ አይደል የሚሰማህ?» አለው አባቷ። እየተሳሳቁ የደንበኛ ሶፋ ለመጫን ወጡ።

ሹፌሩ ድራሙ ላይ እንደተቀመጠ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አልኖርም ነበር» አላት።

«የት ይሄዱ ነበር፣ ጋሼ?»

«ከባንዱ ውጪ ነዋ! አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ‹ድራመሩ ይቸኩላል፣ ቀይሩት› ብሏቸው ተስማምተው ነበር። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ሊነግሩኝ ሲማከሩ በር ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። እስከ ዛሬ እንደማላውቅ ነው የሚያስቡት፤ አባትሽ እንዳይሰማ።»

«አላዘኑም?»

«አለቀስኩ እንጂ! ዘፈኑ እንዳይወደድ ጸለይኩ። ያቺ ልጅ ‹ሰባት በሰባት› ስትል በሰፈሩ በደስታ የዘለልኩት እኔ ብቻ ነኝ።» ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ከዚያ ማን ይቀይረኝ? አብረን ተዋረድን፣ አብረን ሳቅን። ይኸው ያንዱ ሶፋ ቤቴ አለ፤ አንዱ የልጆቼን ጥርስ ያክማል። ታዋቂ ሆነን ቢሆን ግን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።»

«አሁንስ ይቸኩላሉ?»

«እንዴታ! አብረውኝ መሮጥ የለመዱት እነሱ ናቸው።»

ትልልቆቹ ሲጨርሱ ድራሙ ላይ ተቀመጠች። ኤሊ ገና አልመጣም። ስልኳን አውጥታ ለዘፋኟ፣ «ሰውዬውን አራት ነን በይው፤ ካልፈለገ ይቅርብን» ብላ ጻፈች። ጣቷ ትንሽ አመነታ። ቴሌቪዥን እኮ ነው! ላከችው።

በሩ ተንኳኳ። ኤሊ ቤዙን ተሸክሞ እያለከለከ ገባ።

«አረፈድኩ አይደል?»

«እኛ ነን የቸኮልነው» አለችውና መምቻዎቿን አነሳች። ከወትሮው ቀስ ብላ መቁጠር ጀመረች፤ «አንድ… ሁለት…»