ከጎማው ሥር የጠፋው ድንጋይ

የሾፌሩ የተድላ አስከሬን ከገደሉ ሲወጣ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ፣ ሺሺንዳ ሳይደረስ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ፒክአፕ ፍሬን አልይዝ ብሏት ሰኞ ዕለት ከነሾፌሯ ገደል ገባች። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ለግምገማ ተቀመጠ፤ ከምሳ በፊትም ጥፋተኛ አገኘ። በዚያ ዘመን ግምገማ የማያገኘው ነገር አልነበረም፤ እውነትን ካልሆነ በስተቀር። ዓርብ ዕለት የኋላ ፍሬን ሸራ የቀየረው መካኒኩ አብዱ ነው፣ ሸራውን ከልክ በላይ አጥብቆታል ተባለ፤ ተጨበጨበም። ጋራዡ ታሸገ፤ እሱም ታሰረ።

ጉዳዩ ኢንስፔክተር ሠናይት እጅ ሲገባ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ለመጻፍ ይቸኩል ነበር። ሠናይት ግን መቸኮል ከተወች ቆይታለች። ክረምቱን ሙሉ ያልደረቀ ጫማዋን እየጎተተች መጀመሪያ የሄደችው ወደ እስረኛው ነው።

«አጥብቀህ አስረኸዋል ይላሉ።»

«ይበሉ» አለ አብዱ ከግድግዳው ሳይላቀቅ። «ጎማውን በእጄ አሽከርክሬ ነው ያስረከብኩት። ተድላም አሽከርክሮታል። አሁን ተድላ የለም፤ እርስዎ ደግሞ የሚያምኑት ጭብጨባውን ነው።»

«እኔ አላጨበጨብኩም» አለችውና ወጣች።

ፒክአፗ ፊቷ ተጨፍልቆ ፖሊስ ግቢ ቆማለች። የሠናይት አባት በጅማ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅነቷ ያለፈው ክሪክና መፍቻ ስታቀብለው ነው። ኋላዋን በክሪክ አነሳችው። የእጅ ፍሬኑ ማንሻ ወደ ታች ነው፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ግን አልዞር አሉ። የዘይት ማስተንፈሻውን ብሎን ፈታች፤ ዘይት ወጣ፣ ጎማዎቹ አልላሉም። ከዚያ ከሥር ገብታ የእጅ ፍሬኑን ካቦ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያሲዘውን የብረት ገመድ፣ ፈታች። ጎማዎቹ በአንድ ጣት ዞሩ። ሸራው የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች፣ ታምቡሮቹን፣ አውልቃ አየች፤ የኋላዎቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነዋል፣ የፊቶቹ እንደነበሩ ናቸው። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደች።

የተድላ ባለቤት ብርቅዬ ከለቀስተኞች መካከል ተነሥታ አነጋገረቻት። ባሏ የእጅ ፍሬን ስቦ እንደማያውቅ ነገረቻት። ከአገሩ ሾፌሮች ማንም አይስብም፤ ክረምት ላይ ካቦው ጭቃ ጠጥቶ ከተሳበ አይመለስም። መኪና የምትቆመው ማርሽ ገብቶ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎ ነው። ተድላ የራሱ ጥቁር ድንጋይ ነበረው።

«ትራስ አድርገው ብዬ እቀልድበት ነበር» አለች።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሀብተ ማርያም ድንጋዩን አሳያት። ዓርብ ማታ ተድላ ቁልቁል በሆነው ግቢ ውስጥ ከጎማው ሥር አድርጎት ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ከአጥሩ ሥር ተገኘ፤ መኪናዋ ግን ያለ ድንጋይ ቁልቁለቱ ላይ ቆማለች። ተድላ ማን እንደነካት ጠየቀው።

«ምን አሉት?»

«ማንም አልነካትም አልኩት፣ ልጄ።» ሽማግሌው ይህን ሲል ዓይኑ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መስኮት ነበር።

ቁልፍ የነበራቸው ከተድላ ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የዋጫው ተወላጅ የፋይናንስ ሹሙ ሚሊዮንና ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው ኃላፊ ልዑልቃል። ሁለቱም ቅዳሜም ሆነ እሑድ መኪናዋን አላየናትም አሉ። ሠናይት አልተከራከረቻቸውም። የፖሊሱን አሮጌ መኪና በራቸው ላይ ገትራ መግቢያ ዘጋችና ሚሊዮንን ጠጋ አድርጋት አለችው። አስጠጋትና ወርዶ ድንጋይ ፈለገ። በማግስቱ፣ ግምገማው አብዱን በመጨረሻ ሊያወግዝ በተጠራበት ሰዓት፣ ያንኑ መኪና እንዲያስጠጋላት ልዑልቃልን ለመነችው። አስጠጋት፣ የእጅ ፍሬኑን እስኪጮህ ሳበና ወረደ።

አዳራሹ ሞልቷል። አብዱ በፖሊስ ታጅቦ ተቀምጧል፤ ብርቅዬ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ አለች። ስብሰባውን የሚመራው ልዑልቃል ነው፤ ሌላ ማን ይመራዋል?

«ከፍሬኑ ልጀምር» አለች ሠናይት በደከመ ድምፅ። «የኋላ ታምቡሮች ተቃጥለዋል። ስለዚህ የኋላ ፍሬን መንገዱን ሁሉ ሳይለቅ ይዞ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ዘይቱ ፈላ፣ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። የዚህች መኪና አራት ጎማ የሚጋራው አንድ የዘይት መስመር ነው።»

«እኛስ ምን አልን? አብዱ አጥብቆ አስሮት ነው» አለ ልዑልቃል።

«ሸራው ጠብቆ ቢሆን ካቦውን ስፈታ ጎማው አይለቅም ነበር። ዘይቱ ታፍኖ ቢሆን ዘይቱን ሳፈስ ይለቅ ነበር። የለቀቀው ካቦውን ስፈታ ነው። የያዘው የእጅ ፍሬን ነው።»

«ገደል ሲገባ ተጣሞ ይሆናላ።»

«ገደል ገብቶ የቆመ ጎማ አይግልም፣ አቶ ልዑልቃል። ታምቡሩ የተቃጠለው ጎማው እየዞረ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ሠናይት ጥቁሩን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዓርብ ይህን ተደግፋ የቆመች መኪና ሰኞ ያለ ድንጋይ ቁልቁለት ላይ ቆማ ተገኘች። ያልለቀቀው ፍሬን ነው የያዛት። በመካከሉ ቁልፍ ያለው ሰው ነድቷታል፤ የእጅ ፍሬን ስቧል፣ ማንሻውን ሲመልስ ካቦው አልተመለሰም። ሚሊዮን መኪና ሲያቆም ድንጋይ ይፈልጋል። ዛሬ ጠዋት የእኔን መኪና በእጅ ፍሬን ያቆማት ማን ነው?»

«ይህ ማስረጃ ነው?» ልዑልቃል ሊሥቅ ሞከረ።

«ብቻውን አይደለም። ጋሽ ሀብተ ማርያም?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። እሑድ ኃላፊው ለአማቹ ሠርግ ዕቃ ሊያደርስ እስከ ደካ ከተማ ነድቷት እንደሄደ፣ ተመልሶ ካቆማት በኋላ የሳበውን ማንሻ ወደ ታች ሊመልስ በእግሩ ሲረግጥ እንዳየው፣ ዝም በል እንደተባለ ተናገረ። ሚሊዮንም አቀርቅሮ ጨመረ። ሰኞ ጠዋት ተድላ ኮሪደሩ ላይ መኪናዋ ከብዳለች፣ አብዱ ይያት ብሎ ነበር፤ ኃላፊው «አዲስ ሸራ ነው፣ እየሄደ ይላላል» ብሎ ሸኘው።

የመንግሥት መኪና በእረፍት ቀን እንዳይነዳ የከለከለው ራሱ ልዑልቃል ነው። ሰው የሞተው ለዚህች ነው፤ አለቃ በራሱ ትእዛዝ ላለመያዝ ሲል። መካኒኩም ለዚህችው እስር ቤት ሊበሰብስ ነበር፤ አዳራሹም እጁን አውጥቶ አጽድቆታል።

ብርቅዬ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ ተናገረች።

«ያን ጠዋት ‹ፍሬኑን ስቤዋለሁ› ቢሉት ኖሮ ከሥሯ ገብቶ ያላቅቀው ነበር። ለማንም አይናገርብዎትም ነበር እኮ።»

ልዑልቃል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድንጋይ እያየ ቀረ። ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ያዘው።

ዝናቡ አሁንም አላባራም። ሠናይት ከአብዱ ጋር ወጥታ የፖሊሱን መኪና አስነሣች፤ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ልዑልቃል የሳበው የእጅ ፍሬን አልለቅ ብሏል።

«ታላቅቃታለህ?»

«አላቅቃታለሁ» አለ አብዱ። «መፍቻዎቼ ግን ያሉት ያሸጋችሁት ጋራዥ ውስጥ ነው።»

እሽጉን ለመፍታት ያሸገው ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ሰብሳቢው ደግሞ ልዑልቃል ነበር። ሠናይት ወርዳ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣች፣ ከጎማው ሥር አስገባችና ከአብዱ ጋር በጭቃው ወደ ከተማ በእግሯ ወረደች።