ከለንደን የተላከ ውሎ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው ብዬ አልዋሽም። አይንቀጠቀጥም። ነገሩ ግን የሆነ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት። ያላመነ እኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ፣ መጥቶ ጋሼ ክፍሉን ይጠይቅ። የማሽኑን ገመድ በመቀስ ስለቆረጥኩበት እስከ ዛሬ አልማረኝም።

በፈረንጅ 1988፣ ሜይ ወር፣ ቅዳሜ።

በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ አሥር።

ሌሊት አይደለም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይዋ ሳሎናችን ድረስ ገብታ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች...

ግን ከሐሙስ ልጀምር።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከለንደን ነው። የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ ወንድይፍራው፣ ብቻውን በሚኖርባት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነበር አሉ።

እማዬ ሻወር ቤት ስለነበረች አልሰማችም።

ማታ አባዬ ከፓርኪንግ ሥራው ሲመጣ ነገርኩት። ብዙ ሰዓት ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ በሹክሹክታ።

«እስከ መቼ?»

«እሑድ ጎህ ሲቀድ። ከፓሳዴናም ከጋርዴናም ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል። መርዶ እንደ ወጉ ነው የሚነገረው። ደም ብዛቷን ደግሞ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። በፋሲካ ሰሞን ወድቃ ሆስፒታል ከርማለች። ዶክተሩ ድንገተኛ ድንጋጤ ሊገድላት ይችላል ብሏል።

«ፊትሽንም ጠብቂ» አለ አባዬ።

«ፊቴ ምን አደረገ?»

«ሁሉን ይናገራል።»

ሶ... ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዤ ዞርኩ።

ችግሩ ለጋሼ ክፍሉ የነገረው ሰው የለም።

ጋሼ ክፍሉ እዚያው ፌርፋክስ ላይ ቪዲዮ የሚያከራይ ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሼ ወንድይፍራው ከለንደን ካሴት ልኮልን ነበር። እማዬ በደብዳቤ «ከሥራ ቀርተሃል አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱ መልስ አልጻፈም። ሦስት ካሴት ላከ። በየጀርባቸው በእጅ ጽሑፉ «ጧት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ይላል። አንዲት ቁራጭ ወረቀትም አለች፤ «እቴ፣ ውሎዬ ይኸውልሽ።»

ካሴቶቹ ላይ ያለው የእንግሊዝ መንግሥት ቴሌቪዥን ነው። ማስታወቂያ የሌለው። አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስኪዘጋ፣ እንዳለ ቀድቶታል።

እኛ ማሽን ላይ ግን አልሠራም፤ ሥዕሉ እየተጥመለመለ ይወርዳል። የእንግሊዝ ካሴት ከአሜሪካ ማሽን ጋር አይስማማም። እማዬ ሁለቱንም የሚያጫውት እንዲፈልግላት ጋሼ ክፍሉን ለምና ነበር።

ያን ቅዳሜ ነው ተሸክሞት የመጣው። ቴሌቪዥኑና ቪዲዮው ባንድ ላይ የተሠራ፣ ይህን የሚያክል ሣጥን።

አባዬ ሥራ ላይ ነው፤ እኔው በሩን በሰውነቴ ዘጋሁበት። «ጋሼ ክፍሉ፣ ዛሬ አይመችም።»

«አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቴሌቪዥን የማይመችሽ?»

«ማነው?» አለች እማዬ ከኋላዬ። «ክፍሉ ነህ? ግባ፣ ግባ።»

አለቀ።

ገመድ ሲሰካ እማዬ ጠየቀችው። «የወንድዬ ድምፅ ይኖርበት ይሆን?»

«የለም እትዬ እታለም። የሚቀዳው ከአንቴና ነው። አጠገቡ ቁጭ ብለው ቢዘፍኑ እንኳ አይገባም።»

«ኦኬ። ካየሁ በኋላ እደውልለታለሁ።»

ጋሼ ክፍሉ እንደወጣ ኩሽና ገብቼ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልኩት። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ ከእማዬ ጎን፣ ልጥፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጧት» የሚለው ገባ።

ዜና። የአየር ጠባይ፤ የእንግሊዝ ካርታ ላይ ደመና እየለጠፈ የሚያወራ ሰው። ከዚያ ለሕፃናት አሻንጉሊቶች። ከዚያ አንዲት ሴት ጽጌረዳ ስትገርዝ። እማዬ እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርሴን ብቻ።

ፕሮግራም ባለቀ ቁጥር ስክሪኑ ይጠቁርና ክብ ሰዓት ይመጣል። የአንድ ሰውዬ ድምፅ ቀጥሎ ያለውን ይናገራል።

ሰዓቱ አሥር ከአርባ ይላል።

የእኛን የግድግዳ ሰዓት አየሁ። አሥር ከአርባ።

አጋጣሚ ነው አልኩ።

ምሳ ስንበላ ማሽኑን አቆምነው። አርባ ደቂቃ ቆየን። ተመልሰን አስነሳነው፤ ፕሮግራሙ አለቀ፣ ሰዓቱ መጣ...

አርባ ደቂቃውን ጨምሮ ነው የመጣው።

ቆሞ ጠብቆናል ማለት ነው? ወይስ አልቆመም?

«እማዬ፣ ይብቃን። ዓይንሽን ያምሻል።»

«ዝም በይ። በጎቹን ልይ።»

«ቀን» ላይ ነን። እረኛው ያፏጫል፣ ውሻው በጎቹን ወደ በረት ይነዳል። ቀጥሎ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ኳስ ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አይሮጥም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የሰማሁት።

ሳል።

ቀስ ያለ፣ ደረቅ። ሁለቴ።

ከአንቴና ነው የሚቀዳው ብሏል ጋሼ ክፍሉ። ቤት ውስጥ ያለ ድምፅ አይገባም ብሏል...

እማዬ ፈገግታዋ ጠፋ። «ወንድዬ ነው።»

«ሜዳው ላይ ያለ ሰው ነው፣ እማዬ።»

«የወንድሜን ሳል አጣዋለሁ? እንዲህ እየሳለ ነው እንዴ ደህና ነኝ የሚለኝ?»

ተነስታ ስልኩ ጋ ሄደች። አነሳችው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አይጮህም።»

«ተበላሽቷል። አባዬ ያሠራዋል።»

ዞራ አየችኝ። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

ተመልሳ ስትቀመጥ ግን አጠገቤ አልተቀመጠችም። ወደ ጫፍ ሄደች። መሐላችን ባዶ ሆነ።

«ማታ» የሚለውን ራሷ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን አላየሁም። በፕሮግራሞቹ መሐል ስክሪኑ ሲጠቁር ብቻ ነው የማየው። ሳሎናችን በፀሐይ ሞልቷልና የስክሪኑ መስታወት ላይ እንታያለን። እማዬ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ።

አንዴ ጠቆረ። ሁለት ነን።

ዜና። ጠቆረ። ሁለት ነን፤ ግን የመሐሉ ትራስ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

የዘፈን ፕሮግራም። ጠቆረ...

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሳሉ አሁን ከስፒከሩ አይደለም የሚመጣው።

በእኛ የግድግዳ ሰዓት ከምሽቱ ሰባት ሲሆን፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ደህና እደሩ አለ። የንግሥቲቱ መዝሙር ተጫወተ። ሥዕሉ ጠፋ፤ ጥቁር ብቻ ቀረ።

ቀና አልኩ።

ሦስት ነን።

መሐል ያለው ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል። ፊቱ አይታይም፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያየ ሰው እንደሚደክመው።

ጎኔን በዓይኔ ቂጥ አየሁ። ሶፋው ላይ ማንም የለም።

«ሰርክዬ...» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ጠጋ በይለት።»

ጠጋ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«መቼ ነው?» አለችኝ፣ ስክሪኑን እያየች።

አልመለስኩም።

ግን መስታወቱ ላይ ፊቴ ይታያል።

እማዬ አልጮኸችም። አልወደቀችም። ነጠላዋን አነሳች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ዘመዶች፣ ሥራ ካደረው አባዬ ጋር፣ በሩን ቀስ ብለው ሲያንኳኩ መሬት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«ማን ነገራት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባዬም ጭምር። ምን ልበል? ቴሌቪዥኑ ነው ልበል?

ለቅሶው ቤት ሰው ሞላ። ወለሉ ላይ መቀመጫ ጠፋ፣ ሰው ደጅ ቆመ። የሶፋው መሐል ግን ባዶ ነው። ማንም አትቀመጡ አላለም። የሚመጣው ሁሉ ራሱ ጠጋ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ክፍሉ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እትዬ እታለም፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅኩም። ማሽኑን ልውሰደው።»

«አንድ ቀን ይቆይልኝ።»

«ሦስቱንም ጨርሰዋል እኮ።»

እማዬ ከነጠላዋ ሥር ካሴት አወጣች።

ከለንደን የመጣውን ሳጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት ነበሩ። ሦስቱ ደግሞ እዚያው ማሽኑ ላይ ተደርድረው ይታዩኛል።

ይሄኛው ጀርባው ላይ፣ በጋሼ ወንድይፍራው እጅ ጽሑፍ፣ «ነገ» ይላል።

ሲመሽ መቀስ አመጣሁና የማሽኑን ገመድ ቆረጥኩት። መጀመሪያ ከሶኬቱ ነቅዬ፤ ሞኝ አይደለሁም። የተቆረጠውን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አባዬም ያን ሌሊት እማዬ አጠገብ አደረ፤ በየሰዓቱ ትንፋሿን ቼክ ያደርግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰባት ሰዓት።

ሰዉ ወደ ሥራው ሄዷል። አባዬ ከጓሮ መኪናውን እያሞቀ ነው። ፀሐይዋ እንደ ቅዳሜው ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። ቦርሳዬን አንግቼ በሳሎኑ በር ላልፍ ስል...

እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት። ከኋላ ነው የማያት።

ካሴቱ እጇ ላይ የለም።

ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፤ አለ።

«ሰርክዬ» አለች ሳትዞር። «ሊጀምር ነው።»

«እማዬ፣ አይሠራም እኮ። ቆርጬዋለሁ።»

«እሺ በቃ፣ አትነሺ። እንደተቀመጥሽ ሁኚ።»

«የት ነው የተቀመጥኩት?»

እጇን ዘርግታ ባዶውን መሐል አለፈችና፣ ቅዳሜ እኔ በተቀመጥኩበት ጫፍ የሆነ ነገር ዳበሰች። እኔን ሹሩባ ስትሠራኝ እንደምትዳብሰኝ።

ጥቁሩን መስታወት አየሁ።

እማዬ በዚያ ጫፍ። መሐል ላይ ብርድ ልብስ የደረበው ሰው፤ አሁን ቀና ብሏል።

በዚህኛው ጫፍ ደግሞ አንዲት ልጅ፣ የእኔን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።