የሌንሳ ቀይ ክር

ሌንሳ ጋሮምሳን መጀመሪያ ያየችው በጥላቻ ነበር። የተመረዘ ሥጋ በባልዲ ይዞ በወለንጪቲ ገበያ ዳር ይዞራል፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች የሚገድለው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ውሾቹን ልትከትብና እንዳይወልዱ ልታመክን ከአዳማ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት።

«ያንን ሥጋ አንሳ!»

«ልጅ ሲነክሱ ዝም ልበል ታዲያ?»

«በሽታውን በመርፌ እንከላከላለን። አንድ ወር ብቻ ስጠኝ።»

ሰጣት። ወሩ ሳያልቅ መረብ ይዞ ውሻ የሚይዝላት ራሱ ጋሮምሳ ሆነ። እንዴት ተዋደዱ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እነሱም አያውቁትም!

የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ክር ያለውን ማንም አይነካም።

አንድ ቀን ቀይ ክር ያሰረ ውሻ ጋሮምሳን እጁ ላይ ነከስ አደረገው። «የሌንሳ ክር አለው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ ታጠበና ተወው። ለእሷም አልነገራትም። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ላከ፣ ቤተሰቧም እሺ አሉ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌንሳ ውሃ ብትሰጠው ጉሮሮውን አነቀው፤ ብርጭቆውን ወርውሮ ተንቀጠቀጠ። የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ ወዲያው ገባት።

«ጋሮምሳ... የነከሰህ ውሻ አለ?»

«የእማማ ተሻለች ውሻ... ግን ቀይ ክር ነበረው እኮ!»

እየሮጠች እማማ ተሻለች ቤት ሄደች። አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ።

«መርፌው ይገድለዋል ብዬ ደብቄው ነበር፣ ልጄ። ኋላ ክር የሌለው ይገደላል ሲሉ አንጀቴ አልችል አለ። ከጎረቤት ውሻ ፈትቼ ለሱ አሰርኩለት። ይኸው ከሞተም ወር አለፈው...»

ልትጮህባቸው ፈልጋ ተወችው። እሷም ወለንጪቲ የመጣችው ለውሻ አዝና ነው።

ጋሮምሳን አዳማ ሆስፒታል ወስደው ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አስተኙት። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት እንደሌለው ታውቃለች።

«ጃለላኮ፣ ፍቅሬ... አትጠጊኝ። ብነክስሽስ?»

«እኔ ተከትቤያለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን...»

አልጨረሰውም። ሌንሳ ግን የቀረውን ሰማችው። የመንደሩን ውሻ ሁሉ ስትከትብ፣ መረብ ይዞ አጠገቧ የሚቆመውን ሰው ለማስከተብ አንድም ቀን አላሰበችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ጋሮምሳ ወደ እሷ ዞሮ «እንኳን ተከተብሽ» አላት።

ጓንቷን አውልቃ እጁን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ሲያርፍም አልለቀቀችውም ነበር።