ስለሺ ስሙን የጻፈበት ሪፖርት

«ኤ ፕላስ» አሉ የሠርካዲስ አክስት ስንዱ፣ ሪፖርቱን ከፍሪጁ በር ላይ አንስተው ለእንግዶቹ እያሳዩ። «ያውም ስለ ፈረንሳይ። ያውም ስለ ሴቶች።»

ሠርካዲስ የለስላሳውን ትሪ እንደያዘች መሀል ሳሎን ቆማለች። አራቱንም ገጽ የጻፈችው እሷ ናት። የአክስቷ ልጅ ስለሺ የጻፈው ስሙን ነው። እሱንም ቢሆን አሳምሮ ነው የጻፈው።

ስለሺ አሥረኛ ክፍል ነው፣ እሷ ዘጠነኛ። ማርኩ ከወረደ እናቱ ከሶከር ቲሙ እንደሚያስወጡት ምለዋል። ስለዚህ ሪፖርት እንዲጽፍበት የታዘዘውን መጽሐፍ አመጣና፣ «ሠርክዬ፣ አንቺ ማንበብ ደስ ይልሽ የለ» አላት። ከፒዮሪያ ስትሪት በምትሳፈርበት አውቶብስ ውስጥ በሦስት ቀን ጨረሰችው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት የድሮ ፓሪስ ሴት ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ ባሏ በራሱ ስም ያሳትማል። እንግዶች እሱን ሲያደንቁ እሷ ወይን ትቀዳለች። ሠርካዲስ «እንዴት ዝም ትላለች?» ብላ አንድ ሙሉ ገጽ በንዴት ጻፈች። ከዚያ ለስለሺ ሰጠችው።

አክስቷ የመጀመሪያውን ገጽ ለእንግዶቹ ከእንግሊዝኛው እየተረጎሙ አነበቡላቸው። ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ግዛው ከትሪው ላይ ስፕራይት አነሱ።

«ለመሆኑ ስለሺ፣ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች?»

ስለሺ ጣሪያውን አየ። «አገባች።»

«ባል አላት ሲባል የሰማሁ መሰለኝ።»

«ሌላ አገባች» አለና ወደ ሠርካዲስ ዞረ።

ያቺን አስተያየት ታውቃታለች። አንዲት ቃል ሹክ ብትለው ይበቃዋል፤ ሁሌም የሚያልፈው እንደዚያ ነው። ሶከሩ ትዝ አላት። በረኛ ነው፤ ብዙ ጎል ይገባበታል፣ ግን ይወደዋል። ትሪው ደግሞ ከበዳት።

ስለሺ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ጋሽ ግዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ቀን እራት ላይ የወይኑን ጠርሙስ አስቀመጠች» አለች። «ከዚያ እንግዶቹ መሀል ቁጭ አለች።»

«እሺ?»

«መጽሐፎቹን ማን እንደጻፋቸው ነገረቻቸው።»

አክስቷ ስንዱ መነጽራቸውን አደረጉና ሪፖርቱን ከላይ ጀምረው እንደገና ማየት ያዙ፤ የስለሺ ስም ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስለሺ ማንም ሳያዘው ትሪውን ይዞ ተነሳና ማደል ጀመረ።

«ለእኔ ፋንታ» አለች ሠርካዲስ።