አባቴ «መጣሁ» ብሎ ሄደ

«ገረመው፣ እሷን ዓረፍተ ነገር አትጻፋት አልኩህ!»

ገረመው ጻፋት።

ያምሮት ግንባሯን ያዘች። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ከኋላዋ አሰልጣኟ ጋሽ ደርቤ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፣ ገረመው ደግሞ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ በዚያ ጠማማ የእንግሊዝኛ ጽሑፉ ያቺኑ ደግሟታል። «ማይ ፋዘር ሴድ አይ ኬም ኤንድ ሂ ዌንት።» አባቴ መጣሁ ብሎ ሄደ።

«ሰርዝ» አለችው።

ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ፈተገው። ወረቀቱ ተቀደደ። ወረቀቱም፣ ምራቁም፣ ጣቱም ብርሃን ናቸው፤ ግን ተቀደደ።

ገረመው ምስለ ተማሪ ነው። ሰው አይደለም ማለት ነው። በጽሑፍ ፈተና ከወደቁ ከብዙ ሺህ ልጆች የድሮ ወረቀት ተቀምሞ የተሠራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዝ፣ ሲሰለቸው እርሳስ የሚያኝክ የብርሃን ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ማሰልጠኛ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ሁሉ አንድ ምስለ ተማሪ ይሰጠዋል። ለጽሑፍ ፈተና አዘጋጅቶ ካሳለፈው ፈቃድ ያገኝና እውነተኛ ልጆች ፊት ይቆማል። ካላሳለፈው ወደ ቤቱ። በሰው ልጅ ከምትለማመድ በብርሃን ተለማመድ ነው ነገሩ።

ያምሮት ፈቃዱን ካገኘች ጂንካ ትሄዳለች። ያደገችበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ አጥቶ እሷን እየጠበቀ ነው። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ገረመው ዛሬም ከወደቀ አለቀ።

አራሚዋ ጣሪያው ላይ ናት። የአገሩን የጽሑፍ ፈተና በሙሉ የምታርመው ማሽን እሷው ናት። ሰልጣኞቹ «እትዬ ቀዮ» ይሏታል፤ ምክንያቱም አትናገርም፣ አትመክርም፣ ስህተት ያየችበት ላይ ቀይ ታበራበታለች፣ በቃ። «አይ ኬም» ባየች ቁጥር ገጹ በርበሬ ይመስላል።

«ስሚኝ ያምሮት» አሉ ጋሽ ደርቤ ጎንበስ ብለው። «ርዕሱ ምንድን ነው? የማልረሳው ቀን። በ‹ናው ኤ ዴይስ› ይጀምር፣ በ‹ኢን ኮንክሉዥን› ይጨርስ፣ መሃሉን እግዜር ያውቃል። እኔ ስንቱን ያሳለፍኩት እንደዚህ ነው።»

«የማልረሳው ቀን ‹በአሁኑ ጊዜ› ተብሎ ይጀመራል እንዴ ጋሼ?»

«ያልፋል ወይ ብለሽ ጠይቂኝ።»

ኢፋ ከጎን ሳቀ። የራሱን ምስለ ተማሪ ትናንት አሳልፎ ዛሬ ለማሾፍ ብቻ የመጣ ሰልጣኝ ነው። «የኔ ልጅ የጻፈውን አንድም አልገባውም፤ ግን አለፈ። አንቺ ልጅሽን ገጣሚ ልታደርጊ ነው መሰለኝ።»

«ዝም በል፣ ትርፍ አንጀት።»

ወደ ገረመው ዞረች። «እሺ፣ እንዲህ በል። ‹ሂ ሴድ አይ ዊል ካም ባክ።› እመለሳለሁ አለ። እንግሊዝኛው እንደሱ ነው።»

ገረመው እርሳሱን አስቀመጠ። «ቲቸር፣ እንደሱ አላለም እኮ።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። እመለሳለሁ ቢል ኖሮ እናቴ ትደነግጥ ነበር። ወዴት ነው? መቼ ነው? ትለው ነበር። መጣሁ ስላለ ነው ምንም ያልጠየቀችው። ሳህኑን እንኳን አልከደነችም።»

ልጁ እውነቱን ነው። እኛስ ከቤት ስንወጣ ምንድን ነው የምንለው? ጫማችንን እያጠለቅን፣ ፊታችን ወደ በሩ፣ «መጣሁ!» ገና ሳንሄድ መጥተናል። እንግሊዝኛ ይቺን የት ያውቃታል?

«እና አልመጣም?» አለችው ቀስ ብላ።

«አልመጣም።»

«የማን አባት ነው ግን ገረመው? አንተ...» ብርሃን ነህ ልትለው ነበር፣ ተወችው።

ገረመው ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ እንጃ። የብዙ ልጅ ይመስለኛል።»

ጋሽ ደርቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዓት!»

ያምሮት ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በስልጠናው የተማረችውን ሁሉ፣ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ምናምን፣ ወደ ጎን አለችው። «በል ስማኝ። እትዬ ቀዮ አባትህን አታውቀውም። እናንተ ቤት ገብታ አታውቅም። እንግዳ ናት። እንግዳ ሰው ቤትህ ቢመጣና አባትህ ‹መጣሁ› ብሎ ሲወጣ ቢያይ፣ ግራ ቢገባው ምን ትለዋለህ?»

«ኧረ አይዞህ፣ እኛ ጋ እንደዚህ ነው የሚባለው እለዋለሁ።»

«እሱን ጻፈው።»

«ቃሉን በአማርኛ?»

«በአማርኛ። ከዚያ ንገራት።»

«ኧረ ባክሽ!» ጋሽ ደርቤ ብድግ አሉ። «በእንግሊዝኛ ፈተና የአማርኛ ቃል? ዜሮ ነው! አንቺ ልጅ ጂንካን ጠልተሻት ነው?»

ያምሮት አላስቆመችውም። ገረመው ጻፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱ አፉ ውስጥ ገባ። እኔ ወደኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«እኛ አገር ቶሎ የሚመለስ ሰው ሲወጣ ‹መጣሁ› ይላል። ትርጉሙ ደረስኩ ማለት ነው። የሚጠብቀው ሰው እንዳይጨነቅ ከመሄዱ በፊት ደርሷል። አባቴ ‹መጣሁ› አለ። እናቴ ምግቡን አልከደነችም። በነጋታው እኔ ከደንኩት።»

የመላኪያውን ቁልፍ ነካ።

ጠበቁ። ከመስኮቱ ውጭ የገመድ ባቡሩ በአባያና በጫሞ መሃል ሰው ጭኖ ያልፋል። ቀይ አልመጣም። የማለፊያው አረንጓዴም አልመጣም። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት አንዴ ደብዘዝ፣ አንዴ ፈካ ሲል ቆየና ጠረጴዛው ላይ ጽሑፍ ወጣ።

ጥያቄ አለኝ።

«ቀዮ አፍ አወጣች!» ኢፋ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

«ተበላሽታለች፣ አትንኳት!» አሉ ጋሽ ደርቤ። እውነታቸውን ነው፤ ማሽኗ ከተሠራች ጠይቃ አታውቅም። እንድትጠይቅ አልተሠራችም።

ጽሑፉ ቀጠለ። ይህን ዓረፍተ ነገር በብዙ ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። በየዓመቱ ይመጣል። የሚሄድ ሰው መጣሁ አይልም ብዬ ሁሌም ቀይ አድርጌዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከእንግዲህ ያልገባኝን ቀይ ከማድረጌ በፊት እጠይቃለሁ። የተሳሳቱት ግን እነሱ ናቸው ወይስ እኔ?

ሰው እንኳን አልገባኝም ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ማሽን ናት እኮ።

ገረመው ቀና አለ። «ቲቸር፣ ቀይ ስታደርገው የነበረው አባቴን ነው እንዴ?»

ያምሮት ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

ከዚያ የመጨረሻው መጣ። የገረመው ወረቀት አልፏል። በዚህ ዓረፍተ ነገር የወደቁትን የድሮ ወረቀቶች ሁሉ እንደገና ላርም? ካረምኩ በአዲሱ እርማት ለሚያልፉት መልእክት ይደርሳቸዋል። እስክጨርስ ግን አዲስ ውጤት አላወጣም፤ ያምሮትም ፈቃድ ትጠብቃለች። ምናልባት ዓመት። እንዲገልጽልኝ ያደረገችው እሷ ናት፤ እሷ ትወስን። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች በሩ፦ ‹አዎ› እና ‹ይቅር›።

ጋሽ ደርቤ ዋናው ቢሮ ደወሉ። «ማሽኗ የጠየቀችው ማንን ነው? ልጅቷን? እንግዲያው ልጅቷ ትመልሳ» ብለዋቸው የቢሮው ሰዎች ዘጉ። ኃላፊነት ሲመጣ ቢሮ እንዴት እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ።

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጧል። «‹ይቅር› በይ ያምሮት። ታናሽ እህቴ በዚሁ ፈተና ወድቃ ነው የቀረችው። አሁን ሶዶ ላይ ፀጉር ቤት ከፍታ ሰው ቀጥራ ታሠራለች፤ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እሷ ከወረቀቶቹ ባለቤቶች አንዷ ብትሆንስ? በዚህ ዕድሜዋ ‹አልፈሽ ነበር› ብትያት ምን ታደርገው? የደረቀ ቁስል መነካካት ነው።»

«እኔ ብሆን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ ኢፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። «ሰው ሰነፍ ነህ ሲለኝ ኖሮ፣ እኔም አምኜ ኖሬ፣ ውሸት ከሆነ አልነገርም? ንገሩኝ! ከዚያ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።»

«ጂንካ ያሉት ልጆችስ?» አሉ ጋሽ ደርቤ። «እነሱ ዓመት ሙሉ ማንን ይጠብቁ?»

ያምሮት ገረመውን አየችው። ያለፈበትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የራሱን ጽሑፍ ለራሱ እያነበበ ነው። ልጅ ሲያልፍ እንደዚህ ነው ለካ። እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ጣቷን አነሳች።

አዎ ካለች የጂንካ ልጆች አንድ ዓመት ያለ አስተማሪ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሶዶ ላይ ፀጉር ቤት ያላት አንዲት ሴት ስልኳ ይጮኻል፣ ታለቅስ ይሆናል፣ ትስቅ ይሆናል፣ ማንም አያውቅም። ይቅር ካለች ነገ ሻንጣዋን ይዛ ትሳፈራለች፣ ልጆቹ ጥሩ አስተማሪ ያገኛሉ፣ ያቺ ሴት ደግሞ አልችልም ነበር ብላ እንዳመነች ታረጃለች።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትነኩ ነበር?