የመምህር አራት ድምፅ

ፕሮፌሰሩ የሞቱት፣ የሚያማክሯት ተማሪ የማስተርስ መመረቂያ ጥናቷን ፈታኞች ፊት ልታቀርብ በተዘጋጀችበት ጠዋት ነው። ቢሯቸው ውስጥ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ተገኙ። የልብ መድኃኒታቸውን አንድ ሰው ፈጭቶ ሻያቸው ውስጥ ጨምሮበታል።

ምርመራው የተሰጠው ባልደረቦቿ «አክስቴ» ለሚሏት መርማሪ ነበር። አክስቴ ልጆች አሳድጋ የጨረሰች፣ ሰው ሲዋሽ እንኳ ሳታቋርጥ የምታዳምጥ ሴት ናት። በዚያ ጠዋት ወደ ቢሮው የገቡት ተማሪዋ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ጸሐፊዋ ብቻ መሆናቸውን አጣራች።

ፖሊሶቹ ዓይናቸውን የጣሉት ተማሪዋ ላይ ነው። ልጆች እያስተማረች በስንት መከራ እዚህ የደረሰች መምህርት ናት፤ ሟቹም ጥናቷን ደጋግመው መልሰውባታል።

«ትጠያቸው ነበር?» አለች አክስቴ።

«እንዴታ። ግን ፊርማቸውን እፈልግ ነበር። አሁን ማን ይፈርምልኛል?»

«የመጨረሻው ጠባችሁ በምን ነበር?»

«መምህር አራትን ከጥናትሽ አውጪ አሉኝ። በትምህርት ቤቷ ፈተና እንደሚሰረቅ የነገረችኝ አስተማሪ ናት። ስሟን ላላወጣ ቃል ገብቼላት በቁጥር ጻፍኳት። ርእሰ መምህሩ ግን ማን እንደሆነች አወቀ። አባረራት፤ አልጋ ላይ ዋለች፣ ሞተች። እንዴት እንዳወቀ ዛሬም አልገባኝም። የተቀዳውን ድምፅ የሰጠሁት ለአማካሪዬ ብቻ ነው። እሳቸውም በጽሑፍ አድርገው መለሱልኝ።»

ኃላፊው ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። «ከሳቸው ጋር በወንበር ስንጓተት ኖረናል፣ አልደብቅዎትም። ግን እኔ ብሆን በስብሰባ አሰልችቼ ነበር የምገድላቸው።»

«ሟቹ መተየብ ይችሉ ነበር?»

«የት አባታቸው። ፊደሉን በአንድ ጣት ሲፈልጉ ነው የሚውሉት።»

ጸሐፊዋ ደግሞ ዓይኗን ሳትሰብር መለሰች። «እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ደብዳቤ እተይባለሁ፣ እናቴ። ስለ ጥናት ምን አውቄ?»

«መምህር አራት ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት ሰምቼ?»

አክስቴ ጥናቱን ከፍታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ የተቀዳውን ከተተየበው ጋር ስታስተያይ ዋለች። ከዚያ ሦስቱንም ጥናቱ ሊቀርብበት ወደነበረው አዳራሽ አስጠራቻቸው።

«ልብ በሉልኝ» አለች። «ይህን ቃለ መጠይቅ ፕሮፌሰሩ አልተየቡትም፣ አይችሉማ። ተማሪዋም አይደለችም። በዚህ ትምህርት ክፍል የምትተይብ አንድ ሰው አለች፤ እሷም ስለ ጥናቱ ምንም አላውቅም ብላኛለች። ለምን ዋሸችኝ? ድምፃቸው የጠራ ሌሎች መምህራን ንግግር ውስጥ እንኳ በየቦታው ‹አይሰማም› ተብሎ ተጽፏል። ተያቢ ጆሮው ያልያዘውን እንዲህ ብሎ ያልፋል። መምህር አራት ግን ታንሾካሹካለች፣ ከውጭ ልጆች ይጮኻሉ። እኔ መላልሼ ሰምቼ እኩሌታው አመለጠኝ። እዚያ ገጽ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጎደለችም። እንዲህ የሚሰማ ሰው ድምፁን ከልጅነቱ ያውቀዋል።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «ምንሽ ናት፣ ልጄ?»

ጸሐፊዋ ሻርፗን አጠበቀች።

«ታናሽ እህቴ። ባንድ አልጋ ነው ያደግነው። እናታችን እንዳትሰማን በሹክሹክታ ስናወራ ነበር የሚነጋው።»

«ርእሰ መምህሩስ እንዴት አወቀ?»

«ፕሮፌሰሩ ወዳጁ ነበር። ቢሮው አስቀምጦ የእህቴን ድምፅ አሰማው። ሻይ ይዤ ስገባ ሁለቱም ይስቁ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷን ቀብሬም ዝም አልኩ። ትናንት ግን ፕሮፌሰሩ ጠራኝና ቃሏን ከጥናቱ አጥፊው አለኝ። በገዛ እጄ! የቀረችኝ እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። መድኃኒቱን ፈጭቼ ሻዩ ውስጥ ጨመርኩት፤ አሁንም አልጸጸትም።»

ተማሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ያንን ክፍል አውጪውና ሌላ አማካሪ እንመድብልሻለን። ዲግሪሽን ትወስጃለሽ።»

«አይወጣም» አለች ተማሪዋ።

«ፈታኞቹ ይጥሉሻል፣ እህቴ።»

«ይጣሉኝ።»

ጸሐፊዋ በሩ ላይ ከፖሊሱ ጋር ቆማ ዞር አለች። «እንግዲያው በቁጥር አትተዪያት። ስሟን ጻፊው። አሁን ማን ያባርራታል?»

ተማሪዋ እስክርቢቶ አወጣች። «መምህር አራት» የሚለውን ሰርዛ፣ ከላዩ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈችና ገጹን ወደ በሩ አዞረችው። ጸሐፊዋ አነበበችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ለፖሊሱ ዘረጋች።