የዜልካው ፒስተን እንዴት ሞተ?

«ጻፊ» አለ አብቲ ዒጋል፣ ፍራሹ ላይ እንደተጋደመ ጣሪያውን እያየ። «መካኒኩ አበላሸው በይ። አለቀ።»

ሃምዳ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ፊደሎቹን ታያለች፤ ጣቷ ግን አልነካቸውም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ድሬ ሱቋን ዘግታ፣ መጋረጃዋን ጥላ የምትጋደምበት ሰዓት። አብቲ ዒጋል የእናቷ ወንድም ነው፤ «አብቲ» የሚሉትም ሶማሌዎች የእናትን ወንድም ነው። መልእክቱን የምትጠብቀው ሴት ዩሩብ ትባላለች፤ የምትኖረው ጅቡቲ ውስጥ፣ አሊ ሳቢህ በምትባል ከተማ ነው። ሃምዳ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ሴትዮዋ ግን ገና ከወረቀቱ ያልወጣ የዜልካ ፒስተን በሳጥን አስቀምጣለች። ከመላኳ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃለች፦ የበፊቱ እንዴት ሞተ?

«ኔትወርክ ሄደ» አለች ሃምዳ።

ኔትወርኩ የትም አልሄደም።

ዜልካ ሞተር ሳይክል ነው። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አይግረማችሁ፤ ድሬዳዋም ያወቀችው በአብቲ ዒጋል የተነሳ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ሰው ሁሉ ፍሪጅና ጄኔሬተር ላይ ሲሻማ፣ አረንጓዴውን ሞተር ዞር ብሎ ያየው እሱ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ሳቁበት። መለዋወጫው በየሱቁ ተንጠልጥሎ የሚሸጥ ስንት ሞተር እያለ ምን ነክቶት ነው አሉ። በኋላ ግን ሁለት ካርቶን ሳሙና በአንድ ካርቶን ፓስታ ደርቦ የዋሂልን መንገድ ሲያያዘው አይተው አፋቸውን ያዙ። በሳምንት ሦስት ቀን ከከተማው ወጣ ብለው ላሉት ለዋሂልና ለመልካ ጀብዱ ሱቆች ዕቃ ያደርሳል። የሃምዳ ደብተርና ዩኒፎርምም የሚገዛው ከዚሁ ሥራ ነው።

ጣጣው የመጣው ሞተሩ መታመም ሲጀምር ነው። አዲስ አበባ የነበረው ብቸኛ ወኪል ከዘጋ ቆይቷል። አብቲ ዒጋል አንዴ የፍሬን ሸራ ፍለጋ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ በወኪሉ ቦታ ጭማቂ ቤት ተከፍቶ አገኘ። አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ጠጥቶ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ከእሱና ከናሲር በቀር ዜልካውን የሚነካ የለም። «የጠፋ ቡሎን ከሰማይ አይወርድም» ይላል፣ ሃምዳ ወደ ሞተሩ ጠጋ ባለች ቁጥር።

ናሲር ገንደ ቆሬ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ መካኒክ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች ዜልካውን ገና ከበር ሲያዩት «ዕቃ የለውም» ብለው ይመልሱታል። ናሲር ግን የማያውቀው ማሽን ሲመጣለት ደስ የሚለው ሰው ነው። የጠፋውን ከላስቲክም ከቆርቆሮም ቀርጾ ይሠራል፤ ካልሆነለት ለሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሃምዳም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእሱ በኩል ሳታልፍ አትገባም። ይሄ ምንድን ነው? ለምን ይዞራል? ባይዞርስ? ናሲር ሳይሰለች ይመልሳል። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ አሮጌ የባጃጅ ካርቡራቶር፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ዕቃ፣ ሰጥቷት እየፈታች እየገጠመች እንድትማርበት ነገራት።

ዘንድሮ ደግሞ ዜልካው ቤንዚን ይበላ ጀመር፤ ጭሱም ጠቆረ። ሃምዳ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መሐሏ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ትንሽ የነሐስ ቡሎን አለች። የባጃጁ ቡሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ይላል። ጠባብ ከሆነ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ካነሰ ደግሞ ጭሱ ይጠፋል ማለት ነው። ድሬ ውስጥ የባጃጅ ዕቃ ያልገባበት ነገር የለም፤ የውሃ ፓምፑም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም የሚጠገነው በእሱ ነው። ታዲያ ዜልካው በምን ይለያል? አንድ ቀን በቀትር፣ አብቲ ዒጋል ሲያንኮራፋ፣ ሞተሩን ከፈተችው። ቡሎኗን አውጥታ የባጃጇን አስገባች። ጥርሱ ልክክ አለ። ዘጋችው፣ እጇን በኦሞ ታጠበች፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ሒሳቧን መሥራት ጀመረች።

ጭሱ ጠፋ፣ ቤንዚኑም ቀነሰ። በዚያው ሳምንት ናሲር ሞተሩን አይቶት ስለነበር አብቲ ዒጋል ሄዶ ግንባሩን ሳመው፤ ናሲር ሰው ሳይሆን ጂን ነው እያለም ለአገር ሁሉ አወራለት። ሃምዳ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እኔ ነኝ ማለት አማራት፤ ግን ሕጉን ማፍረሷም አብሮ ሊወጣ ነው። ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ዜልካው ዋሂል መንገድ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ቀጥ አለ። ናሲር ሲከፍተው ፒስተኑ ግሎ በአንድ ጎኑ ቀልጦ፣ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ጂን የነበረው ሰው በአንድ ቀን ደንቆሮ ሆነ። አብቲ ዒጋል ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤት አመጣው። የነካካው እሱ ነው፣ ሌላ ማን ነካው እያለ ከታይዋን ገበያ እስከ ቀፊራ ያልነገረው ሰው የለም። እውነቱን ነው፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ሌላ የነካው አልነበረም። አሁን ዕቃውን በኪራይ ባጃጅ ነው የሚያደርሰው፤ ሁለት የዋሂል ሱቆችም ሌላ አምጪ ይዘዋል።

ፒስተን ፍለጋ ስልክ ላይ ስትዞር ነው ሃምዳ የዜልካ ባለቤቶችን ግሩፕ ያገኘችው። በዓለም ላይ አርባ አንድ ሰው ናቸው፤ ከእሷ ጋር አርባ ሁለት። ወኪል የላቸውም፣ ፋብሪካውም ዜልካ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ያላቸው በየጓዳው የተቀመጠው ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ልማድ አላቸው፦ የቀድሞው ዕቃ እንዴት እንደሞተ ሳይናገር አዲስ የሚጠይቅ የለም። በሽታው ላልተገኘ ሞተር የተሰጠ ዕቃ ለሁሉም የጠፋ ነው ይላሉ። ሃምዳ የሌሎችን የሞት ታሪክ እንደ ልብወለድ አነበበችው፣ በጣም ደስ ይል ነበር። ቦሊቪያ ያለ አንድ ሰው የላከው ፎቶ ላይ ስትደርስ ግን ልቧ ድንግጥ አለ። በአንድ ጎኑ የቀለጠ ፒስተን ነው። ከሥሩ «ጠባብ ቀዳዳ ገጠምኩ፣ ቤንዚን አነሰው፣ ጋለ» የሚል ተጽፏል።

ይሄ ከሆነ አምስት ቀኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ከግሩፑ አባላት አንዷ የሆነችው ዩሩብ መልስ እየጠበቀች ነው።

«ኔትወርክ ልፈልግ» ብላ ሃምዳ ሻሿን ጣል አድርጋ ወጣች።

በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ሰው አይታይም። ፍየሎቹ እንኳ የግድግዳ ጥላ ተደግፈው ቆመዋል። ናሲር ከዛፉ ሥር በጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነበር። ወትሮ ሰባት ስምንት ሞተር የሚሰለፍበት ቦታ ላይ አንድ ብቻ ቆሟል።

ሰላምታም ሳትጨርስ፣ ሞተሩን የገደለችው እሷ እንደሆነች ነገረችው። ናሲር አልደነገጠም። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ካርቡራቶሩን የፈታሁ ቀን ነው ያወቅኩት» አለ። «የባጃጇን ቡሎን የሰጠሁሽ እኔ፤ የገዛ እጄን ዕቃ አላውቅም?»

ሃምዳ የምትቀመጥበት አጥታ ጎማ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን አልነገርከውም? ስምህን እኮ እያጠፋው ነው።»

«ዒጋልን አውቀዋለሁ። ቢሰማ ዳግመኛ ወደ ሞተሩ አያስጠጋሽም። ድሬ ውስጥ ያንን ሞተር ከፍቶ መልሶ የዘጋ ሁለት ሰው ነው ያለው። እኔ እንደሆንኩ ዓይኔ ደክሟል።»

ዕንባዋ መጣ። ናሲር እንዳላየ ሆኖ ስለ ቤንዚን ያስረዳት ጀመር። ቤንዚን መቃጠል ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ሥራው ነው። ሲያንስ ሞተሩ ደስ ብሎት የሮጠ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እሳት ነው። አገሩ ቀዝቃዛ ቢሆን ምናልባት ጥቂት ወር ይቆይ ነበር፤ በዋሂል ፀሐይ ግን የት ይደርሳል። ሃምዳ እያለቀሰችም ቢሆን አንድ ነገር ጠየቀች፦ ጥቁሩ ጭስስ ታዲያ ከምን ነበር? ናሲር ሳቀ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ነው፤ ማጠብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ለሴትዮዋ ቀዳዳው ጠባብ ነበር በያት» አለ በመጨረሻ። «ውሸት አይደለም። ቡሎኗን ማን እንደገጠማት አልጠየቀችሽም። ፒስተኑ ይመጣል፣ የድሮዋን ቡሎን እንመልሳለን፣ ሞተሩም ይነሳል። ዒጋልም አንድ ቀን ይበርድለታል አቦ።»

ሃምዳ እዚያው ጎማው ላይ ሆና ጻፈች። ቀዳዳው ጠባብ ነበር አለች። ከዚያ እጇ አላቆመም፦ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ዕድሜዬ አሥራ አራት ነው፣ ለአጎቴ አልነገርኩትም። ለማያውቁት ሰው እውነት መናገር እንዴት ይቀላል። ላከችው።

ቤት እስክትደርስ መልሱ ገባ። ዩሩብ በሶማሊኛ ነው የጻፈችው። «እኔ የጠበቅኩት ‹መካኒኩ ነው› የሚል ነበር» ትላለች። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ባለቤቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ሁለት ፒስተን ሲበላ ሁለቱንም በመካኒኩ ነው ያሳበበው። ይሄ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በባቡር ይዞት ይመጣል።»

አሥር ሰዓት ሲሆን አብቲ ዒጋል ተነሳ። ፊቱን ታጥቦ ሳይደርቅ ሃምዳ ፒስተኑ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረችው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሦስት ጊዜ አልሐምዱሊላህ አለ፤ እናቷን ዐስሊን ከጓዳ ጠርቶም ልጅሽን ስሚ አላት። ከዚያ ዕቅዱን ይደረድር ጀመር። የሚገጥመው ሹክሪ ነው፤ ባጃጅ ሠሪው፣ ታይዋን ገበያ ጋ ያለው። ዜልካ ከፍቶ ባያውቅም ይሞክረዋል። ናሲርን ግን በዓይኑ ማየት አይፈልግም።

«አንቺም ከሹክሪ ጎን ትቀመጫለሽ» አለ። «ይህን ፒስተን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩን መንካት ፈቅጄልሻለሁ።»

ሃምዳ ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ለምና ነበር።

«ሴትዮዋን ምን አልሻት?» ሲል ጠየቀ፣ ጸጉሩን በፎጣው እያሸ። «መካኒኩ ነው አልሽ አይደል?»

አዎ ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ናሲር አፉ አይከፈትም፤ ዩሩብም ድንበር ማዶ ናት። ሞተሩ ይነሳል፣ ካቻቢቴውም በእጇ ይገባል። ናሲር ብቻ በዚያ ዛፍ ሥር፣ ከአንዲት ሞተር ጋር፣ ጀሪካኑ ላይ ይቀመጣል።

«አላልኩም» አለች።

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ሃምዳ ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አብቲ፣ እስክጨርስ አታቋርጠኝ» አለችው። ከመጀመሪያዋ ቡሎን ጀምራ፣ የፈታቻቸውን በፈታችበት ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳትዘል ነገረችው።